ኮርቬት፤ የአንድ የስፖርት መኪና ውድቀትና ትንሣኤ

አንድ ማሽን በመልኩ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ሊወደድ ይችላል፤ ዕድሜ የሚሰጠው ግን በውስጡ ያለው ሥራ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ከሚሆኑት መካከል አንዱ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሼቭሮሌት ስም ያወጣው ኮርቬት የተባለ የስፖርት መኪና ነው። ይህ መኪና በተወለደ በሁለተኛው ዓመት ሊቀበር ተቃርቦ ነበር። ከዚያም በኋላ ከአንድ ጊዜ በላይ ወድቆ ተነሥቷል። ከሞት ያዳነው ምን እንደ ሆነ መመርመር የመኪና አፍቃሪዎችን ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም መሐንዲስ የሚመለከት ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአውሮፓ የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች እንደ ኤም ጂና ጃጓር ያሉትን ትንንሽና ፈጣን የእንግሊዝ መኪናዎች ለምደው መጡ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ግን ሰፋፊና ከባድ የቤተሰብ መኪናዎችን ነበር። የጄኔራል ሞተርስ የቅርጽ ንድፍ ክፍል ኃላፊ የነበረው ሃርሊ ኧርል ይህን ጉድለት አይቶ ባለሁለት መቀመጫ የአሜሪካ ስፖርት መኪና አስነደፈ። ስሙም ኮርቬት ከሚባለው ትንሽና ፈጣን የጦር መርከብ ተወሰደ። መኪናው በጃንዋሪ 1953 በኒው ዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል በተካሄደው ኤግዚቢሽን ላይ ሲቀርብ ሕዝቡ ከመጠን በላይ ስለ ወደደው፣ ኩባንያው ጊዜ ሳያጠፋ ጁን 30 ቀን በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ ማምረት ጀመረ። በዚያ ዓመት የተሠሩት 300 ብቻ ሲሆኑ፣ ሁሉም ከውጭ ነጭ፣ ከውስጥ ቀይ ነበሩ። አካላቸው ፋይበርግላስ ከተባለው በመስታወት ክር የጠነከረ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ይህም ለብረት አካል የሚያስፈልጉትን ውድ የማተሚያ ቅርጾች ለመሥራት የሚጠፋውን ጊዜና ገንዘብ አስቀረ።

ችግሩ ከአካሉ በታች ነበር። አባቶች ‹‹ውስጡን ለቄስ›› እንደሚሉት፣ የመኪናው ውስጥ ከላዩ ጋር አይመጣጠንም። ሞተሩ ከተራ የሼቭሮሌት መኪና ተወስዶ የተሻሻለ፣ 3.9 ሊትር ይዘት ያለው ባለ 6 ሲሊንደር ሲሆን፣ ጉልበቱ 150 የፈረስ ጉልበት ነበር። ካምቢዮው ሁለት ማርሽ ብቻ ያለው አውቶማቲክ ነው። ለበሮቹ የሚወጣና የሚወርድ መስታወት እንኳ አልተሠራላቸውም። ዋጋው ግን ወደ 3,500 ዶላር ገደማ ነበር። በመሆኑም ስፖርት ወዳዱ ‹‹ፍጥነት የለውም››፣ ምቾት ፈላጊው ደግሞ ‹‹ምቾት የለውም›› ብለው ተዉት። ሥራው ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ በተዛወረበት በ1954 ከተመረቱት 3,640 መኪናዎች ሲሶ ያህሉ ሳይሸጡ ቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት የፎርድ ኩባንያ ተንደርበርድ የተባለውን ተወዳዳሪ አውጥቶ ከ16,000 በላይ ሲሸጥ፣ ኮርቬት የተመረተው 700 ብቻ ነበር። የኩባንያው አለቆች ሥራውን ስለ መዝጋት መመካከራቸው አያስደንቅም።

በዚህ ጊዜ ዞራ አርኩስ ዱንቶቭ የተባለ መሐንዲስ ብቅ አለ። ዱንቶቭ በ1909 በብራስልስ ከሩሲያውያን አይሁድ ወላጆች ተወልዶ በበርሊን ምህንድስና ያጠና፣ በጦርነቱ ጊዜ ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። በ1953 ኤግዚቢሽን ኮርቬትን ባየ ጊዜ መልኩን አደነቀ፤ ውስጡን ግን አልወደደውም። ሐሳቡን ለሼቭሮሌት ዋና መሐንዲስ ለኤድ ኮል ጻፈ፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር በኩባንያው ተቀጠረ። በዓመቱ መጨረሻ በጻፈው ማስታወሻ ወጣቶች የፎርድን ሞተር እያሻሻሉ መወዳደር እንደ ለመዱ፣ ሼቭሮሌትም እነዚህን ወጣቶች ለመሳብ ለፍጥነት የሚሆኑ ዕቃዎችን ማቅረብ እንደሚገባው አመለከተ። በ1954 ደግሞ መኪናውን ማቆም ለተቀናቃኝ ሽንፈትን ማመን እንደሚሆን ለአለቆቹ አስረዳ።

ዱንቶቭን የረዳው በኤድ ኮል መሪነት ለሼቭሮሌት መኪናዎች ሁሉ የተዘጋጀው አዲስ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ነው። 4.3 ሊትር ይዘት ያለው ይህ ሞተር 195 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ ክብደቱ ከአሮጌው ባለ 6 ሲሊንደር ያነሰ ነበር። በ1955 ኮርቬት ውስጥ ሲገባ የመኪናው ጠባይ ተለወጠ። በ1957 ሞተሩ ወደ 283 ኪዩቢክ ኢንች አድጎ፣ በካርቡራተር ፈንታ ነዳጅ የሚረጭ መሣሪያ ሲገጠምለት 283 የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ ማለትም ለእያንዳንዱ ኪዩቢክ ኢንች አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። ባለ አራት ማርሽ የእጅ ካምቢዮም በዚያው ዓመት ተጨመረ። በ1963 ሞዴል ደግሞ የኋላ ጎማዎቹ በአንድ ድፍን አክስል መታሰራቸው ቀርቶ፣ የመንገዱን ወጣ ገባ ለየራሳቸው እንዲቀበሉ ተደረገ። የዚያ ዓመት ምርት ከ21,000 በላይ ሆነ። በዚሁ ሞዴል የኋላ መስታወት መካከል ለውበት ተብሎ የተደረገውን ግርዶሽ ዱንቶቭ የነጂውን እይታ ይከልላል ብሎ ተቃውሞት ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ግርዶሹ ተነሣ።

ዱንቶቭ ግን ከዚህ የሚበልጥ ምኞት ነበረው፤ ይኸውም ሞተሩን ከነጂው ጀርባ፣ ከኋላ አክስል ፊት ማስቀመጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መኪና ወደ ፊት ሲፈተለክ ጫናው ወደ ኋላ ይሸጋገራል፤ የሞተሩም ክብደት እዚያው ሲሆን የሚገፉት ጎማዎች መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ። ዱንቶቭ ይህን አሠራር ከ1960 ጀምሮ በሙከራ መኪናዎች ላይ ፈተነ። በ1970ም ከነዚህ አንዱ በኒው ዮርክ ለሕዝብ ታየ። ይሁን እንጂ አዲስ ካምቢዮና አዲስ የማምረቻ መሣሪያ ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ በእጅ ያለው መኪናም በደንብ ይሸጥ ነበር። አለቆቹ በገንዘብ ረገድ የያዙት ክርክር ከንቱ አልነበረም። ዱንቶቭም ምኞቱ ሳይፈጸም በ1975 ጡረታ ወጣ፤ በ1996 ዐረፈ።

እሱ በወጣበት ዓመት መኪናው ራሱ ደክሞ ነበር። የአየር ብክለት ሕግና የነዳጅ ችግር ተደራርበው የ1975 መደበኛ ሞተር ጉልበት ወደ 165 ዝቅ አለ። እርግጥ ከ1972 ጀምሮ የጉልበት አለካኩ ስለ ተለወጠ አሮጌውንና አዲሱን ቁጥር በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም፤ ድካሙ ግን እውነተኛ ነበር። ሥራው በ1981 በኬንታኪ ግዛት ወደምትገኘው ቦውሊንግ ግሪን ከተዛወረ በኋላ፣ በ1984 ሞዴል ንድፉ ከመሠረቱ ታደሰ። በ1997 ካምቢዮው ወደ ኋላ አክስል ተዛውሮ ክብደቱ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ተመጣጠነ። በ2009 ጄኔራል ሞተርስ ከስሮ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ሲገባና ፖንቲያክን የመሰሉ ነባር ስሞች ሲዘጉ ኮርቬት ተረፈ።

መሬት እንኳ ውጦ የመለሰው መኪና ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2014 በቦውሊንግ ግሪን የሚገኘው የኮርቬት ሙዚየም ወለል በድንገት ተደርምሶ ስምንት መኪናዎች ገደል ገቡ። የአካባቢው መሬት ውኃ እያሟሟ ዋሻ የሚፈጥርበት የኖራ ድንጋይ ነው። ሰዓቱ ሌሊት ስለ ነበረ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ከወደቁት መካከል በ1992 የተሠራው አንድ ሚሊዮንኛው ኮርቬት ይገኝበታል፤ እሱም እንደ መጀመሪያዎቹ ነጭ አካልና ቀይ ውስጥ ያለው ነው። ሦስቱ ተጠግነው ሲመለሱ፣ አምስቱ ለምስክርነት እንደ ተጨፈለቁ ተቀመጡ።

ዋናው ትንሣኤ ግን የዱንቶቭ ሐሳብ ትንሣኤ ነው። የ2019 ሞዴል ከሆኑት አንዱ ሞተሩ ከፊት እንዳለ 755 የፈረስ ጉልበት ደረሰ፤ ከዚህ በላይ ጉልበት ቢጨመር የኋላ ጎማዎቹ መሬት መያዝ ተስኗቸው በባዶ ከመሽከርከር በቀር ጥቅም እንደማይሰጥ መሐንዲሶቹ ተረዱ። ስለዚህ በ2019 የቀረበው ስምንተኛው ትውልድ በታድጅ ዩክተር ዋና መሐንዲስነት ሞተሩን ከነጂው ጀርባ አደረገ። በ6.2 ሊትር ሞተሩ 490 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ይህ መኪና መነሻ ዋጋው ከ60,000 ዶላር በታች ነበር። ዱንቶቭን ይከለክል የነበረው ወጪ አልጠፋም፤ አሮጌው አሠራር የተፈጥሮን ሕግ ድንበር ሲነካ ግን ወጪው አማራጭ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆነ።

እንግዲህ የኮርቬት ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ የሕዝብ ጭብጨባ ለመኪናው መወለድ ምክንያት ቢሆንም ከሞት ያዳነው ሞተሩ፣ ካምቢዮውና አክስሉ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ በትክክለኛ ስሌት ላይ የቆመ የምህንድስና ሐሳብ ጊዜው ሳይደርስ ውድቅ ሊደረግ ቢችልም፣ ተጽፎና ተፈትኖ ከተቀመጠ ባለቤቱ ካለፈ በኋላም ሊሠራበት የሚችል መሆኑ ነው። የሙከራ መኪናው ከተሠራበት ከ1960 እስከ መደበኛ ምርቱ መጀመሪያ እስከ 2020 ድረስ 60 ዓመት አለፈ። ያ ሁሉ ጊዜ ሲያልፍ ክብደት ከየት ወዴት እንደሚሸጋገር የሚያሳየው ስሌት አልተለወጠም።