ፍሬን እንዴት መለኪያ ሆነ?

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጎሚስታ ጋ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ልጁ ጎማውን ቀይሮ ሲያበቃ መፍቻውን ብሎኑ ላይ ይሰካና በእግሩ ይቆምበታል። ጠበቀ? ጠበቀ። ምን ያህል ጠበቀ ብትሉት ግን መልስ የለውም። እኛም ከፍለን እንሄዳለን። መኪና የሚገጣጥም ፋብሪካ ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ አይችልም። ብሎኑ ከላላ ይፈታል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ብረቱ ይሳባል፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ የፋብሪካው ሠራተኛ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ወይም በታመቀ አየር የሚሠራ ካቻቢቴ ነው። መሣሪያው የታዘዘው መጠን ላይ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። 50 ኒውተን ሜትር ካሉት 50 ላይ።

እሺ፣ 50 ላይ መቆሙን ማን አረጋገጠ? ራሱ መሣሪያው ነው እንዴ?

የሚያረጋግጠው ፍሬን ነው። ካቻቢቴውን በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ያለበት መፈተሻ ጠረጴዛ ላይ ይሰኩትና ያስነሱታል። ፍሬኑ ቀስ በቀስ እየጠበቀ ይይዘዋል፣ በመጨረሻ ያቆመዋል። እዚያ ብሎን የሚባል ነገር የለም፤ ለመሣሪያው ግን ብሎን እንደማሰር ነው። እኔን የሚገርመኝ ከጀርባው ያለው ሐሳብ ነው፦ አንድ ነገር በምን ያህል ኃይል እንደሚዞር ማወቅ ከፈለግህ ያዘው። ይሄ ሐሳብ 200 ዓመት አልፎታል። የመጣውም ከመኪና ሳይሆን ከእንፋሎት ሞተርና ከጦር መርከብ ነው።

ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ሲሸጥ ገዢዎቹ የሚያውቁት ፈረስን ነበር። ስለዚህ አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 33,000 ፓውንድ የሚመዝን ነገር በአንድ ደቂቃ አንድ ጫማ ወደ ላይ ማንሳት ነው ብሎ ቆረጠ። ዛሬ 746 ዋት የምንለው ነው። በ1790ዎቹ ደግሞ ከረዳቱ ከጆን ሳውዘርን ጋር ኢንዲኬተር የሚባል መሣሪያ ሠሩ፤ ፒስተኑ ሲመላለስ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ወረቀት ላይ የሚስል። ጎበዝ መሣሪያ ነው። ችግሩ የሚናገረው ስለ ሲሊንደሩ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ከሲሊንደሩ እስከሚዞረው ዘንግ ድረስ ሰበቃ አለ፣ ፓምፕ አለ፣ ኩሽኔታ አለ፤ ሁሉም ድርሻውን ይወስዳል። ለገዢው የሚደርሰው የተረፈው ነው። ያ ስንት ነው?

መልሱን በ1821 ያመጣው ፈረንሳዊው ጋስፓር ደ ፕሮኒ ነው። (ይሄ ሰው በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ግዙፍ የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ያሠራ መሐንዲስ ነው። መደመርና መቀነሱን ከሠሩለት ሰዎች ውስጥ መኳንንቱ ሲጠፉ ሥራ የፈቱ ፀጉር አስተካካዮች ነበሩበት ይባላል። ስሙ ከሌሎች 71 ሰዎች ጋር ኤፍል ታወር ላይ ተጽፏል።) የሠራው ነገር ለማየት የሚያምር አይደለም። ሁለት ግንድ እንጨት ዘንጉን ከላይና ከታች ያቅፉታል፣ በብሎን ይጠብቃሉ፣ ከእንጨቱ አንድ ረጅም ክንድ ይወጣል። ዘንጉ ሲዞር እንጨቱን ይዞት ሊዞር ይሞክራል። ክንዱ ጫፍ ላይ ክብደት ይሰቀልና እንዳይዞር ይደረጋል። ክንዱ አግድም ሆኖ ከቆመ ክብደቱና የዘንጉ ቶርክ እኩል ናቸው ማለት ነው። አለቀ።

እስቲ በቁጥር እንየው። ክንዱ 1 ሜትር ይሁን፣ ጫፉ ላይ 20 ኪሎ ሰቀልን፣ ዘንጉ በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል። ቶርኩ 196 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የሞተሩ አቅም ደግሞ 6,160 ዋት ገደማ፣ ማለትም ከ8 የፈረስ ጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል። የቀድሞ ተማሪዎቼ ሒሳቡን ሠርታችሁ ካላመጣችሁ አላምናችሁም። መኪና ሻጮች "ብሬክ ሆርስ ፓወር" የሚሉት ነገርም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በፍሬን ተይዞ የተለካ ጉልበት ማለት ነው።

የፕሮኒ ፍሬን ሁለት ደካማ ጎን ነበረው። አንደኛ፣ የሞተሩ ጉልበት በሙሉ እንጨቱና ዘንጉ መሐል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ትልቅ ሞተር ከሆነ እንጨቱ ይጨሳል፣ ውኃ እያፈሰሱ ያቀዘቅዙታል። ሁለተኛ፣ ሰበቃ ጸባዩ አይታመንም። ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይዘላል።

ዊልያም ፍሩድ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ከብሩኔል ጋር የባቡር ሐዲድ ሲሠራ የኖረ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆን በኋላ ሙሉ ልቡን ለመርከብ ሰጠ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1870 2,000 ፓውንድ ሰጥቶት ቶርኪ በምትባል ከተማ ረጅም የውኃ ገንዳ ሠራና ከሰም የተሠሩ ትንንሽ መርከቦችን እየጎተተ ያጠና ነበር። በ1871 ደግሞ እውነተኛ የጦር መርከብ አስጎተተ። ግሬይሀውንድ የተባለችውን አክቲቭ በተባለች ሌላ መርከብ አስይዞ የገመዱን ውጥረት ለካ። በዚህ መርከብን በውኃ ውስጥ ለማስኬድ በእርግጥ የሚያስፈልገው ጉልበት ታወቀ። ኢንዲኬተሩ ሲሊንደር ውስጥ አለ ከሚለው ጉልበት ጋር ሲያስተያየው ግን መርከብ ለማስኬድ የሚውለው ግማሹን እንኳ አይሞላም።

የቀረው የት ገባ? ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ሞተሩ ውስጥ ጠፍቶ ከሆነ ሞተር ሠሪው ይጠየቃል። ፕሮፔለሩ ጋ ጠፍቶ ከሆነ መርከቡን የነደፈው ይጠየቃል። መንግሥት ደግሞ ሁለቱንም ገዝቷል፣ የሚቃጠለውን ከሰልም በየቀኑ ይገዛል። ሁለቱ ጫፎች ታውቀዋል፤ መሐሉ ላይ ዘንጉ ለፕሮፔለሩ የሚያስረክበው ግን አይታወቅም። ይህን ለማወቅ ዘንጉን መያዝ ያስፈልጋል። የ2,000 ፈረስ ጉልበት ዘንግ በእንጨት ያዙት እስቲ!

ፍሩድ በ1877 ለእንግሊዝ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረበው መልስ ውኃ ነበር። ፕሮፔለሩ ይወልቅና በቦታው ፍሬኑ ይገባል። ፍሬኑ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ከዘንጉ ጋር የሚዞር፣ ሌላው የውጪ ሽፋን። ሁለቱም ፊት ለፊት የሚተያዩ ጎድጓዳ ኪሶች አሏቸው፣ እርስ በርስ ግን አይነካኩም። መሐላቸው ውኃ ነው። የሚዞረው ክፍል ውኃውን ወደ ዳር ይወረውራል፤ ውኃው የሽፋኑን ኪስ መትቶ ወደ መሐል ይመለሳል፣ ተመልሶ ይወረወራል። በዚህ ግጭት ሽፋኑ አብሮ ሊዞር ይፈልጋል። ክንድ አውጥተው ይይዙታል፣ ክንዱ የሚገፋውን ይመዝናሉ።

እዚህ ላይ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ አስታውሱ፤ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳሰለቸኋችሁ አውቃለሁ። ውኃው ውስጥ ምን ዓይነት ትርምስ እንዳለ ማስላት አያስፈልግም። ይሙቅ፣ ይቀዝቅዝ፣ አረፋ ይያዝ፣ ዘንጉ ሽፋኑን የገፋበት ቶርክ ሽፋኑ ክንዱ ላይ ከሚያሳየው ጋር እኩል ነው። የማያውቁትን ነገር ሳያውቁት መለካት ማለት ይሄ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። የውኃው መያዝ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ቶርኩ 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ ሊሮጥ ሲል ፍሬኑ ይብስበታል፣ ሲደክም ይለቅለታል፤ ነገሩ ራሱን ያረጋጋል። ለሌላ መጠን ሲፈለግ ደግሞ በሁለቱ ክፍሎች መሐል ስስ የብረት መከለያ እያስገቡ የመያዝ አቅሙን ይቀንሳሉ። ሙቀቱስ? 2,000 የፈረስ ጉልበት ወደ 1.5 ሚሊዮን ዋት ነው። ውኃው በ40 ዲግሪ እንዲሞቅ ብንፈቅድ በሴኮንድ 9 ሊትር ገደማ ይበቃል፤ በየሁለት ሴኮንዱ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን እንደመድፋት ነው። ብዙ ነው፣ ግን ይቻላል። እንጨት ቢሆን ዐመድ ነበር።

ፍሬኑ ኮንክዌስት በተባለች የጦር መርከብ ላይ ተሞከረ። ፍሩድ ግን ብዙ አልቆየም፤ ለዕረፍት በባሕር ኃይል መርከብ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በግንቦት 1879 ሳይመንስ ታውን ላይ ሞተ። ፍሬኑን ለገበያ ያቀረበው ሂናን ኤንድ ፍሩድ የተባለው ኩባንያ ነው፤ የብላክፑልን ግንብ ያቆመውም እሱ ነው። ማንቸስተር ላይ ደግሞ ኦዝቦርን ሬይኖልድስ ፍሬኑን አሻሽሎ ሌላ ሥራ አሠራው። ጁል በ1840ዎቹ ውኃ በመቅዘፊያ እያማሰለ ሥራና ሙቀት እንዴት እንደሚመነዘሩ እንዳሳየ ተምረናል። ሬይኖልድስና ሙርቢ ያንኑ ሙከራ በ1897 በእንፋሎት ሞተርና በውኃ ፍሬን ደገሙት፤ ወደ በረዶ የተጠጋ ውኃ አስገብተው ወደ መፍላት የተጠጋ አስወጡ።

ወደ ካቻቢቴው ስንመለስ ግን የፍሩድ ውኃ አይሠራም። ለምን? ብሎን ማሰር የሚያልቀው በመቆም ነው። የውኃ ፍሬን ደግሞ ፍጥነት ዜሮ ሲሆን የሚይዘው ነገርም ዜሮ ነው። ስለዚህ የመፈተሻ ጠረጴዛው ወደ ፕሮኒ ሰበቃ ተመለሰ፤ ልዩነቱ በብሎን ፈንታ የሚያጠብቀው የዘይት ግፊት መሆኑ ነው፣ እንደ መኪና ፍሬን። ግፊቱን ኮምፒውተር በቫልቭ ያዝዛል። ክንድና ሚዛኑም ቀርተዋል። በ1938 ሲመንስና ሩጅ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ ብረት ላይ ተለጥፎ ብረቱ ሲለጠጥ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚለዋወጥ ቀጭን ሽቦ ፈጠሩ፤ የዘንጉን ቶርክ የሚያነበው እሱ ነው።

በእውነተኛ ብሎን ለምን አይፈተሽም የሚል አይጠፋም። ብሎን ስናስር ከምናወጣው ጉልበት 90 በመቶ ገደማው በጥርሱና በጭንቅላቱ ሥር ባለ ሰበቃ ይበላል፤ ብሎኑን የሚወጥረው 10 በመቶው ብቻ ነው። ያው ብሎን ሁለተኛና ሦስተኛ ሲታሰር ጥርሱ ይልጋል ወይም ይፋቃል፣ ውጤቱ ይለወጣል። ያኔ የተለወጠው ካቻቢቴው ይሁን ብሎኑ አይታወቅም። ፍሬኑ ግን መቶ ጊዜም ቢሆን ያንኑ "ብሎን" ይሆናል።

ደግሞ የፈለጉትን ዓይነት ብሎን ይሆናል። ብረት በብረት ላይ ሲታሰር ብሎኑ ከነካ በኋላ 30 ዲግሪ ያህል ዞሮ ይቆማል። መሐሉ ጎማ ወይም ስስ ቆርቆሮ ካለ ግን ሁለት ሙሉ ዙር ሊፈልግ ይችላል። ካቻቢቴው እንደ ፈጣን መኪና ነው፤ ድንገት ሲቆም የሞተሩ ግስጋሴ ትንሽ ያሳልፈዋል። ለስላሳው ላይ 50 የሚሰጥ መሣሪያ ጠንካራው ላይ ከ50 ሊያልፍ የሚችለው ለዚህ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ይፈተሻል። ካቻቢቴው በራሱ ስክሪን ላይ የጻፈውና ፍሬኑ ያነበበው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ልዩነቱ ከተፈቀደው ካለፈ መሣሪያው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ጥገና ይሄዳል።