ኤክስፖዠር

«ኤክስፖዠር» ፎቶ ሲነሳ ፊልሙ ላይ የሚያርፈውን የብርሃን መጠን የሚገልጽ ቃል ሲሆን፣ በእጅ በሚስተካከል የፊልም ካሜራ ይህ መጠን በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ አንደኛው በሌንሱ ውስጥ እየሰፋና እየጠበበ ብርሃን የሚያሳልፈው ቀዳዳ ወይም አፐርቸር፣ ሁለተኛው ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚቆጣጠረው መዝጊያ ወይም ሸተር ነው። ለብርሃን ያለው ንቃት አይኤስኦ 100 በሆነ ፊልም፣ በጠራ ፀሐይ አፐርቸሩን 16፣ ሸተሩን 1/125 ሰከንድ ላይ ማድረግ የታወቀ መነሻ ነው።

የካሜራው ብርሃን መለኪያ ግን የተመለከተውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ለምሳሌ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ባለቁበት በአዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ በቆሼ፣ ከክምሩ አናት ላይ ነጣ ያለ ሰማይን ከጀርባው አድርጎ የቆመ ሠራተኛ በመለኪያው ብቻ ሲነሳ፣ ሰማዩ ተስተካክሎ ፊቱ ወደ ጥላነት ይለወጣል። መፍትሔው ከሰውየው ፈቃድ አግኝቶና ቀርቦ ብርሃኑን ከፊቱ ላይ መለካት፣ የፊቱ ቆዳ በጣም ጥቁር ከሆነ ከልኬቱ አንድ ደረጃ ያህል መቀነስ፣ ከዚያም አፐርቸሩንና ሸተሩን በዚያው አጽንቶ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንሳት ነው።

እንግዲህ ኤክስፖዠር በሥዕሉ ውስጥ ማን በግልጽ እንደሚታይ የሚወስን ምርጫ ስለሆነ፣ ቆሼን የሚያነሳ ባለሙያ ከክምሩ አስቀድሞ ለሰው ፊት ሊለካ ይገባዋል።