የረድፍ ጎማ ሆኪ፦ በረዶ የማይጠብቀው ጨዋታ

«ኢንላይን ሆኪ» የሚለው ስም በስፖርት ዜና ውስጥ ሲያልፍ አንባቢ የሚጨብጠው ግማሹን ነው። ሆኪ በቆልማማ ዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ መሆኑን ብዙ ሰው ሰምቷል፤ «ኢንላይን» ግን ሳይፈታ ያልፋል። እዚህ የቀረበለት የአማርኛ አቻ «የረድፍ ጎማ ሆኪ» የሚል ነው።

ስያሜው የተነሣው ከጫማው ነው። ተጫዋቾቹ የሚያጠልቁት ቡትስ ጫማ ከሥሩ ትንንሽ ጎማዎች አሉት፤ ብዙ ጊዜ አራት ናቸው፤ የተደረደሩትም አንዱ ከሌላው ኋላ፣ በአንድ መስመር ነው። ከዚያ በፊት የታወቀው ባለ ጎማ ጫማ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ጥንድ ጥንድ የሚቆሙበት ነበር። በዚያኛው ጫማ የሚካሄድ፣ በኳስ የሚጫወቱት ሌላ ሆኪ አለ። ስለዚህ «የጎማ ሆኪ» ብሎ መተው ሁለቱን ያደባልቃል፤ የሚለያቸው «ረድፍ» የሚለው ቃል ነው።

የዚህ ሆኪ ታሪክ ከበረዶው ሆኪ ጋር የተጋመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ ስኮት እና ብሬናን ኦልሰን የተባሉ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ወንድማማቾች ጎማው በአንድ መስመር የተደረደረ ጫማ አገኙ። በሞቃቱ ወራት በረዶ ሳይኖር ለመለማመድ ስለተመቻቸው አሻሽለው መሸጥ ጀመሩ። ሥራቸው በኋላ «ሮለርብሌድ» በሚል ስም ዓለም ያወቀው የንግድ ምልክት ሆነ። ጫማው መጀመሪያ ልምምድ እንዳይቋረጥ የተፈለገ ነው፤ ራሱን የቻለ ውድድር የሆነው ቆይቶ ነው። የወንዶች የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1995፣ የሴቶቹ ደግሞ በ2002 ተጀመረ።

ሕጉም ከበረዶው ይለያል። በበረዶ ላይ አንድ ቡድን አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ያሰልፋል፤ በረድፍ ጎማ ግን አራት ተጫዋችና አንድ በረኛ ነው። የሰው ቁጥር ሲያንስ ሜዳው ይሰፋል፤ ቅብብሉም ይበዛል። በወንዶች የበረዶ ሆኪ ተጋጣሚን በትከሻ ገጭቶ ከመንገድ ማስወጣት የጨዋታው አካል ሲሆን፣ በረድፍ ጎማ ክልክል ነው። በበረዶ የሚመታው ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ዝርግ ክብ ነገር ነው፤ ስፋቱ 7.62 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም። የረድፍ ጎማው ቀለል ያለ ፕላስቲክ ነው፤ ወለሉን ብዙ ሳይነካ እንዲንሸራተት ከላይና ከታች ትንንሽ ጉብታዎች አሉት።

ሁለቱም ዓይነት ሆኪ በአንድ ሰው ሕይወት ሲገናኙ ለማየት የካናዳዊቷን የማኖን ሬዮምን ታሪክ መከተል ይበቃል። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1972 በኬቤክ ግዛት ነው። ወንድሞቿ ምት የሚለማመዱባት በረኛ ሆና ጀመረች። በ1984 በኬቤክ በሚካሄደው ታዋቂ የታዳጊዎች ውድድር የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ልጃገረድ ሆነች። በ1991 ደግሞ በካናዳ ከፍተኛው የወጣቶች ሊግ፣ ለትሯ ሪቪዬር ቡድን፣ ከወንዶች ጋር ገባች።

መስከረም 13 ቀን 1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1992) የታምፓ ቤይ ላይትኒንግ ክለብ ከሴንት ሉዊስ ብሉዝ ጋር ባደረገው የወዳጅነት ግጥሚያ በረኛው እርሷ ነበረች። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ የፕሮፌሽናል ሊጎች ታሪክ ሴት ስትሰለፍ ያ የመጀመሪያው ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ተጫውታ ከተሰነዘሩባት 9 ምቶች 7ቱን መለሰች። ክለቡ አዲስ ስለነበር ነገሩ ለማስታወቂያ ነው ያሉ አልጠፉም፤ እርሷ ግን ብዙም ሳትቆይ በአትላንታ ናይትስ ማልያ በመደበኛ የፕሮፌሽናል ግጥሚያም ገባች። በ1992 እና በ1994 ከካናዳ ሴቶች ቡድን ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። የሴቶች የበረዶ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሎምፒክ ውድድር በሆነበት በ1998 ናጋኖ ካናዳ በፍጻሜው በአሜሪካ 3 ለ 1 ስትሸነፍ፣ ሬዮም የብር ሜዳሊያ አገኘች።

በዚሁ መካከል ሌላ ጫማ አለ። በ1990ዎቹ «ሮለር ሆኪ ኢንተርናሽናል» የተባለ የፕሮፌሽናል ሊግ የበረዶ ተጫዋቾች በሚያርፉበት ሞቃት ወር ግጥሚያ ያካሂድ ነበር። ሬዮምም የበረዶ ጫማዋን አውልቃ ረድፍ ጎማ አጠለቀችና ለኒው ጀርሲ ቡድን በረኛ ሆና ተጫወተች። ሙያዋ አልተቀየረም፤ ከእግሯ በታች ያለው ነገር ነው የተቀየረው።

ይህ ለጎጃም ደጋ አንባቢ ሩቅ የሚመስለው ስሙ እንጂ ጨዋታው አይደለም። ታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ ገጠሮች ለገና ጨዋታ ሜዳ ላይ የሚወጣው ወጣት የያዘው ጫፉ የቆለመመ ዱላ ነው፤ የሚያሯሩጠው ድቡልቡል እሩር ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራ ነው፤ የሚገጥመውም የወዲያኛውን ሰፈር ነው። ሜዳው የተወሰነ ስፋት፣ ቡድኑም የተቆረጠ ቁጥር የለውም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው በዚያ ሜዳ ጌታና ሎሌ ተጋፍተው ስለሚጫወቱ ነው። የገና ሜዳ በልማድ የወንዶች ሆኖ ቆይቷል፤ በዚህ ግን ብቸኛ አይደለም፤ የበረዶውም ሊግ እስከ ሬዮም ድረስ እንዲሁ ነበር።

ታዲያ ለምን «የበረዶ ገና»፣ «የጎማ ገና» አይባልም? ይህ አማራጭ ይማርካል። ነገር ግን «የበረዶ ገና» ሲባል አንባቢው የሚያስበው በረዶ የወረደበትን የልደት በዓል ነው። ከዚያም በላይ ገና የራሱ ሕግና ወግ ያለው ጨዋታ ስለሆነ ስሙን ለሌላ አውሶ ማደብዘዝ ተገቢ አይደለም። የአዲስ አበባ ልጆች በባለ ጎማ ጫማና ሰሌዳ መንሸራተትን «ስኬት» ይሉታል፤ ይህን ወስዶ «የስኬት ሆኪ» ማለትም አይሆንም፤ አንባቢ የተሳካለት ሆኪ ነው ብሎ ያልፈዋል። «ሆኪ» እንዳለ ይቆይ፤ ለምድቡ ግን «የበረዶ»፣ «የሣር» እና «የረድፍ ጎማ» የሚሉት ይበቃሉ።

ገና የሚያበድረው የውስጡን ቃል ነው። የሆኪው እንጨት «ዱላ» ሊባል ይችላል፤ ግብ ጠባቂው አስቀድሞም «በረኛ» ነው። ቡድንና ወገን «ሚና» ቢባል፣ ወገኑን ሳይለይ ለሚጫወት የሚነገረውን «ሚናህን ለይ» የሚለውን የገና ሜዳ አነጋገር ያስታውሳል። «እሩር» ግን ለሆኪው አይሆንም፤ እሩር ድቡልቡል ነው፣ የሚመታው ዝርግ ነው። ለእርሱ «ዲስክ» የሚለው የተለመደ ቃል ይሻላል።

«የበረዶ» የሚለው ቃልም ቢሆን ማብራሪያ ይፈልጋል። ለጎጃም ገበሬ በረዶ በክረምት ሰብል የሚመታው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ብትገኝም፣ የጮቄ ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ቢያልፍም፣ በሌሊት የሚያርፈው ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። የበረዶ ሆኪ የሚፈልገው በማሽን የተጋገረ ወይም ለወራት የማይቀልጥ ወለል ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀው የዚህ ዓይነት ወለል እ.ኤ.አ. በ2005 በናይሮቢ ፓናሪ ሆቴል ውስጥ የተከፈተው ነው፤ አይስ ላየንስ የተባለው የኬንያ ቡድንም ያደገው እዚያ ነው።

በጎማ በረዶን መተካት ለኢትዮጵያዊም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን ኢትዮጵያን ወክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሎምፒክ የተሳተፈው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪው ሮቤል ተክለማርያም፣ አዲስ አበባ ሲሆን በአስፋልት ላይ የሚለማመደው ጎማ በተገጠመለት ሸርተቴ ነበር። በ2010 በቫንኩቨርም ተመልሶ ተወዳድሯል።

የረድፍ ጎማ ሆኪ የሚጠይቀው ለስላሳ ሲሚንቶ ወይም የቅርጫት ኳስ ዓይነት ወለል ነው፤ ዙሪያው ዲስኩን የሚመልስ አጥር ያስፈልገዋል። ከጫማውና ከዱላው ሌላ የራስ ቁር፣ የክርንና የጉልበት መከላከያ ግድ ነው። በረኛው ደግሞ ወፍራም የእግር ሰሌዳና የፊት መከላከያ ያደርጋል። ከዚህ ሁሉ በወጪ የሚከብደው የበረኛው ትጥቅ ስለሆነ፣ ጀማሪ ቡድኖች በትናንሽ ግቦች ያለ በረኛ መጫወት ይችላሉ።