ርስት ከታጠፈ በኋላ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን እንደ ምን እንደ ኖረች

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በጉለሌ በኩል ያለው አዲሱ ገበያ የጎጃም መንገድ በር ነው። ከዓባይ ማዶ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮንና በገብረ ጉራቻ አድርጎ፣ የሱሉልታን ሜዳ አልፎ የሚመጣ መንገደኛ ወደ ከተማው የሚገባው በዚህ ነው። ነጋዴውም፣ ባለ ጉዳዩም፣ ጭነት የሚነዳውም በዚህ ገብቷል። ከእነርሱም ጋራ ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ፣ ከዋሸራ ወይም ከጎንጅ ቅኔ ቈጥሮ የመጣ ተማሪ ገብቷል። የዚህን ተማሪ ነገር ማየት የቤተ ክርስቲያንን ነገር ለማወቅ ይረዳል፤ እርሱ ሲራብ እርስዋ እንደ ተራበች፣ እርሱ ሲጠግብ እርስዋ እንደ ጠገበች ይታወቃልና።

በባላገር ሳለ ተማሪው የሚኖረው በሁለት ነገር ነበር። አንዱ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከየደጁ የሚለምነው ቍራሽ ነው፤ ሁለተኛው መምህሩ በቤተ ክርስቲያን መሬት መቀመጡ ነው። መሬቱ ባይኖር መምህሩ ጉባኤውን አጥፎ ይሄድ ነበር። የኢትዮጵያ መሬት ሲሶው የቤተ ክርስቲያን ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል፤ ይህ ግን ከልኬት ይልቅ ከወግ የመጣ አነጋገር ነው። ትልልቆቹ ገዳማትና አድባራት ሰፊ ጕልት ሲኖራቸው፣ የገጠሩ ቄስ እንደ ጎረቤቱ ሞፈር ይዞ የሚያርስ ድኻ ነበረ።

ዘመኑ መለወጥ የጀመረው ግን ከመሬቱ ነገር አስቀድሞ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት የአውሮፓን ትምህርት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ባቆሙ ጊዜ፣ ካህናቱ ስለ ሃይማኖት እንዳይሠጉ መምህራኑ ከግብጽ፣ ከቅብጦች ወገን እንዲመጡ ሆነ። ሥጋቱ በዚህ ጥቂት በረደ፤ የከተማው ልጅ ግን ከዚያ ወዲያ ከዳዊት በኋላ ሌላ የሚማረው ነገር እንዳለ ዐወቀ። በዓላቱም እንደዚሁ ሆኑ። ገበሬው በወር በወሩ የሚያከብረውን ቀን የመሥሪያ ቤት ጸሓፊና የፋብሪካ ሠራተኛ ሊያከብረው አልተቻለውም፤ ማለዳ ኪዳን አድርሶ ወደ ሥራው መሮጥን ለመደ።

ከሁሉ የከበደው ግን በ1967 ዓመተ ምሕረት የመጣው ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በአምስት ወር ውስጥ ጕልቱም የቤት ኪራዩም ሄደ። ለገባሩ ብዙ ዘመን የተጠበቀ ፍርድ ነበረ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በመቋሚያና በጸናጽል ያረጀ ደብተራ፣ ሌላ ሙያ የማያውቅ፣ ከማኅሌት ሲወጣ የሚገባበት ቤትና የሚበላው እንጀራ የት እንዳለ አላወቀም። ብዙ የአብነት ጉባኤ የተፈታውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጊዜ ቤተ ክርስቲያንን የደገፋት አስቀድሞ የተጻፈ አንድ ሕግ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1965 ዓመተ ምሕረት ቃለ ዓዋዲ የተባለውን ደንብ አቋቁመው ነበር፤ ይኸውም በየአጥቢያው ካህናትና ምእመናን በአንድነት ሰበካ ጉባኤ እንዲያቆሙ፣ እያንዳንዱም ቤተ ሰብ ተመዝግቦ የዓመት አስተዋጽኦ እንዲከፍል የሚያዝ ነው። ደንቡ ሲወጣ መሬት ሳለ ገንዘብ መለመን ምን ያደርጋል ያለ አልታጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከእርሱ በቀር የቀረ መተዳደሪያ ጥቂት ነበረ። አቡኑ ራሳቸው የዘሩትን ሲያጭዱ አላዩም፤ በየካቲት 1968 ከመንበራቸው ወረዱ፣ ታሰሩ፣ በ1971ም ተገደሉ። ዐፅማቸው ተገኝቶ ራሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ያረፈው በ1984 ነው።

ሰበካ ጉባኤ እንደ ማር የጣፈጠ አልነበረም። ትናንት ባለ መሬት የነበረው መሪጌታ ዛሬ ከአንድ የሱቅ ነጋዴ ወይም ከአንድ ጡረተኛ ወታደር እጅ ደመወዝ ሲቀበል ፊቱ ይጠቍር ነበር። ምእመኑም ቤተ ክርስቲያን የካህናት ናት ብሎ ኖሮ፣ የጣራዋ ማፍሰስ የእርሱ ዕዳ መሆኑን ለመቀበል ዘገየ። ሂሳብ የማያውቁ ሂሳብ ያዙ፤ ጠብም አልጠፋ። ሆኖም ሸማኔው፣ እንጨት ተሸካሚዋ፣ ጠላ ጠማቂዋ ከዕለት ጕርሳቸው ቀንሰው ደረሰኝ ሲቈርጡ፣ ነገሥታት በሰጡት መሬት ትኖር የነበረች ደብር በድኾች ሳንቲም መኖር ጀመረች። ከሁለቱ የትኛው ለወንጌል እንደሚቀርብ ለመናገር ብዙ ምርመራ አያስፈልግም።

የቀበሌው ስብሰባ ብዙ ጊዜ በእሑድ ጧት፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት ይጠራ ነበር። የቀረ ሰው ይጠየቃል። ስለዚህ አንዳንዱ ሌሊት ተነሥቶ ኪዳን አድርሶ ወደ ስብሰባው ይሄዳል፤ አንዳንዱም ባልየው ለስብሰባ፣ ሚስቲቱ ለቅዳሴ ተካፍለው ይወጣሉ። ሃይማኖት የለኝም ብሎ በአደባባይ የተናገረ ሹም ልጁን በአርባና በሰማንያ ቀን አያቲቱ አስጠምቃለት እርሱ እንዳላየ ሆኖ ያለፈበት ቤት ጥቂት እንዳልነበረ ያ ዘመን ያለፈባቸው ይናገራሉ። ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩም ዳቦውን ቈርሶ ለድኻ ማካፈሉን አልተወም፤ ጉባኤ ማድረግ በሚያስፈራበት ወራት ጽዋ ማንሣት የሰው የቤቱ ልማድ ተብሎ ያልፍ ነበርና።

በአቡነ ቴዎፍሎስ ምትክ በ1968 የተመረጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በወላይታ የኖሩ መናኝ ነበሩ። መንግሥቱ ዓለም የማያውቁ ስለ ሆኑ ይመቹኛል ብሎ ሳያስብ አልቀረም። እርሳቸው ግን በፓትርያርክነታቸውም በባዶ እግራቸው ሄዱ፣ ጾማቸውንም አላቋረጡ፤ በ1980 እስኪያርፉም ድረስ ሕዝቡ ከስብከት ይልቅ እግራቸውን እያየ ተማረ።

የቅኔው ተማሪ ነገር ግን ገና አላለቀም። የከተማው በር በቆርቆሮና በዘበኛ ከታጠረ ወዲህ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሰማ ጆሮ አነሰ፤ ብዙው ተማሪም ቀን ቤት ጠብቆ ማታ የዘመኑን ትምህርት ይማራል። ሰበካ ጉባኤው ለቀዳሹና ለሰባኪው ደመወዝ ቈርጧል፤ ቅኔ ለሚዘርፍና ለሚያስነግር መምህር የሚቈርጠው ግን ገና ጥቂት ነው። ተማሪው ዛሬም ከጎጃም ይመጣል፤ ደበሎውን በፌስታል አድርጎ፣ በአውቶቡስ ተሳፍሮ አዲሱ ገበያ ይወርዳል፤ ወርዶም አስቀድሞ የሚጠይቀው በአቅራቢያው ያለውን ደብር ነው።