ሐዷናና ነፈቃ፦ የልጅ መብት በሸሪዓ ፍርድ ታሪክ

ከፍቺ በኋላ በልጅ ላይ የሚነሣ ሙግት በእስልምና የፍርድ ታሪክ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ኢማም ማሊክ በሙወጦእ እንደዘገቡት፣ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ከአንሷር ወገን የሆነች ሚስታቸውን ፈትተው ነበር። ወደ ቁባእ በሄዱ ጊዜ ልጃቸው ዓሲም በመስጊዱ ግቢ ሲጫወት አገኙት፤ አንሥተውም ከፊታቸው በእንስሳቸው ላይ አስቀመጡት። የልጁ አያት ደርሳ ተሟገተቻቸው፤ ጉዳዩም ወደ ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ.) ቀረበ። ኸሊፋው ልጁን ለአያቲቱ እንዲተዉላት ፈረዱ፤ ዑመርም አንድ ቃል አልመለሱም። የልጁ አባትነት አልተካደም፤ የተወሰነው አሳዳጊው ማን እንደሆነ ብቻ ነው።

ፉቀሃእ ይህን ልዩነት በሁለት ስሞች አጽንተውታል። ሐዷና ልጁን የመያዝና የመንከባከብ ኃላፊነት ሲሆን፣ ነፈቃ ደግሞ የቀለቡ፣ የልብሱና የመኖሪያው ወጪ ነው። ልጁ ከእናቱ ዘንድ ቢሆንም ወጪው በአባቱ ላይ ይጸናል። የአጦላቅ ሱራም የተፈታች እናት ለምታጠባው ልጅ ዋጋ እንዲከፈላት፣ ባለ ሀብቱም ድኻውም እንደ አቅሙ እንዲያወጣ ያዛል። በሐዷና ዕድሜ ላይ ግን መዝሀቦች ይለያያሉ፦ በሻፊዒያ ልጁ ነገርን ለይቶ ማወቅ ሲጀምር፣ በግምት በ7 ዓመቱ፣ ከወላጆቹ አንዱን ይመርጣል፤ በሐነፊያ ወንዱ እስከ 7 ዓመት ከእናቱ ጋር ይቆያል፤ በማሊኪያ ደግሞ እስኪበልግ ድረስ።

በአገራችን የቃዲዎች ችሎት በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብና በሞግዚትነት ላይ የመፍረድ ሥልጣኑን በ1936 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 62 አገኘ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእስልምና ቤተሰብ ሕግ የተለየ ክፍል ባይሰጥም ችሎቶቹ ሥራቸውን አላቋረጡም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን በተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ መሠረተው፤ አዋጅ ቁጥር 188/1992ም የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አደራጀ። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ጉዳይ ያለ ተከራካሪዋ ፈቃድ የተሰጠው ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ ወሰነ።

ይህ ታሪክ መምህራንንና ኢማሞችን በቀጥታ ይመለከታል፤ የሚጣሉ ባልና ሚስት ከችሎት አስቀድሞ የሚመጡት ወደ እነርሱ ነውና። በአዋጁ መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከራካሪ በሸሪዓ ችሎት ለመዳኘት እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ዝምታ መብትን እንደማያስጠብቅ ለሴቲቱም ለወንዱም ሊነገራቸው ይገባል። የጦላቁ ቀን፣ ያልተከፈለው መህር፣ የዒዳው ወጪና የልጁ ቀለብ በየስማቸው በጽሑፍ ቢሰፍሩ፣ በኋላ ለቃዲው ማስረጃ ይሆናሉ።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው ልጁ የመፋቻ ዋጋ እንዳይሆን ነው። ሚስት ሐዷናዋን ለባሏ ለመተው ተስማምታ ኹልዕ ብትፈጽም፣ የሐነፊያ ሊቃውንት ኹልዑ ይጸናል፣ ቅድመ ሁኔታው ግን ይፈርሳል ይላሉ፤ ሐዷና የልጁም ሐቅ ነውና ሁለቱ ሊደራደሩበት አይችሉም። ዑመር በፍርዱ ፊት ዝም ያሉት ክርክር አጥተው አይደለም። ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጥ ሁሉ ከባልና ከሚስት ሌላ ሦስተኛ ባለ ጉዳይ እንዳለ፣ እርሱም ለራሱ መናገር እንደማይችል ሊያስታውስ ይገባዋል።