በሁለት ትርታዎች መካከል፦ የልብ ምት መለዋወጥ የነርቭ ምስክር የሆነበት ታሪክ



የአንድ ጤነኛ ሰው ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ይመታል ስንል፣ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ይመታል ማለታችን አይደለም። በሁለት ትርታዎች መካከል ያለው ጊዜ አንዴ 950፣ አንዴ 1,040 ሚሊሰከንድ ሊሆን ይችላል። የዛሬው ንግግሬ ይህ መለዋወጥ ራስ-ገዝ ለሆነው የነርቭ ሥርዓት ምስክር ሆኖ እንዴት እንደ ተሾመ የሚተርክ ነው። ሹመቱ ከሚገባው በላይ ሆኗል ብዬ ስለማምን፣ ታሪኩን የማቀርበው ለክርክር ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1845 ወንድማማቾቹ ኤርንስትና ኤድዋርድ ቬበር፣ ቬገስ የተባለው ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲነካ ልብ እንደሚዘገይ፣ አልፎም እንደሚቆም አሳዩ። ልብ በራሱ ይመታል፤ ልጓሙን የሚይዘው ግን ነርቭ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካርል ሉድቪግ የደም ግፊትን ሞገድ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ በሚጽፍ መሣሪያ እየተረዳ፣ የውሻ ልብ አየር ሲስብ እንደሚፈጥን፣ ሲያስወጣ እንደሚዘገይ መዘገበ። በእኔ አስተያየት የዘርፉ መነሻ ይህ ነው፤ ትንፋሽ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛልና። ይህን ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ በጥራት የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ፤ ክፍተቱም በትክክል የሚለካ ሆነ። ለሕክምና የጠቀመው ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሆንና ሊ፣ ጽንስ ሲጨነቅ የልቡ ምት ብዛት በግልጽ ሳይለወጥ አስቀድሞ በትርታዎቹ መካከል ያለው ክፍተት እንደሚለወጥ አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ክላይገርና ባልደረቦቹ፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም ተጠቅተው የተረፉ 808 ሰዎችን የ24 ሰዓት መዝገብ መረመሩ። የክፍተቶቹ መደበኛ ልይይት ከ50 ሚሊሰከንድ በታች የሆነባቸው ሕሙማን የሞት ሥጋት፣ ከ100 በላይ ከሆነላቸው 5.3 እጥፍ ነበር። እንደ ሜትሮኖም እኩል የሚመታ ልብ የጤና ምልክት ይመስል ለነበረ ሰው፣ ውጤቱ የተገለበጠ ነገር ነው።

እስከዚህ ድረስ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ቁጥሩ አደጋን ተነበየ፤ ስለ ምክንያቱ ብዙ አልተናገረም።

ክርክሩ የሚጀምረው መለዋወጡ በድግግሞሽ ሲከፋፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሶላንጅ አክሰልሮድና ባልደረቦቿ በውሾች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ፓራሲምፓቴቲክ የተባለውን የነርቭ ክፍል በመድኃኒት ሲያግዱ ከትንፋሽ ጋር የሚሄደው ፈጣን ሞገድ ጠፋ። የሚደንቀው፣ ዝግተኛውም ሞገድ በዚያው መድኃኒት መቀነሱ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1986 ፓጋኒ፣ ማሊያኒና ባልደረቦቻቸው የሁለቱን ሞገዶች ንጽጽር የሲምፓቴቲክና የቬገስ ሚዛን ማሳያ አድርገው አቀረቡ። ሚዛን የሚለው ቃል ያማረ ነው፤ በቀላሉም ይሸጣል። ኤክበርግ እ.ኤ.አ. በ1997 ሐሳቡን አጥብቆ ተቸ፤ ቃሉ ግን አልተሻረም።

ችግሩን በአንድ ስሌት ላሳያችሁ። ፈጣኑ ሞገድ ከ0.15 እስከ 0.40፣ ዝግተኛው ከ0.04 እስከ 0.15 ሄርትዝ ይባላል። በደቂቃ 15 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው የትንፋሹ ሞገድ 0.25 ላይ ያርፋል። ይኸው ሰው ተረጋግቶ በደቂቃ 6 ጊዜ ብቻ ቢተነፍስ ሞገዱ ወደ 0.1 ይወርዳል። በቬገስ የሚነዳው ያው መለዋወጥ አሁን በዝግተኛው ረድፍ ይቆጠራል፤ ንጽጽሩም ከፍ ይላል። መሣሪያው እጅግ የተረጋጋውን ሰው የተወጠረ ብሎ ይፈርድበታል ማለት ነው። ነርቩ ያው ነው፤ የተለወጠው አተነፋፈሱ ነው።

የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት የጋራ መመሪያ የአምስት ደቂቃና የ24 ሰዓት መዝገብን ለይቶ ደነገገ፤ በዝግተኛው ሞገድ ትርጓሜ ላይም ስምምነት እንደሌለ ጽፏል። የዛሬ የእጅ ሰዓቶች በየማለዳው አንድ የጭንቀት ነጥብ ይሰጣሉ። ከእናንተ መካከል በዚህ መለኪያ የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ለግምገማ ስትቀርቡ ከእኔ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ የተሳታፊዎቹ የአተነፋፈስ መዝገብ የት አለ የሚል ይሆናል።