ያለ ቁስል የሚደማ ውሻና ድመት፦ መንስኤው እንዴት ይለያል?

ጤናማ ውሻ ወይም ድመት በትንሹ ቢቆስል ደሙ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል። ቁስል ሳይኖር አፍንጫው ሲደማ፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር፣ ድዱ ሲነጣ ወይም ትንፋሹ ሲያጥር ግን የደም መርጋት ሥርዓቱ መታወኩን መጠርጠር ይገባል።

የእንስሳት ሐኪም በቅድሚያ ድድንና የሆድ ቆዳን ይመለከታል። የቁንጫ ንክሻ የሚመስሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ካሉ ፕሌትሌት የተባሉት የደም ሕዋሳት አንሰው ሊሆን ይችላል። በውሻ ላይ መዥገር የሚያስተላልፈው ኤርሊኪያ የተባለ ባክቴሪያ ከታወቁት መንስኤዎች አንዱ ነው። ደሙ በደረት፣ በመገጣጠሚያ ወይም በቆዳ ሥር ከተጠራቀመ ግን ጥርጣሬው ደምን ወደሚያረጉት ፕሮቲኖች ያዘነብላል።

በዚህ ረገድ በጣም የሚያሳስበው የአይጥ መርዝ ነው። ብዙዎቹ መርዞች ቫይታሚን ኬ ሥራውን እንዳያከናውን ያግዳሉ። በደም ውስጥ ያለው የፕሮቲን ክምችት እስኪሟጠጥ እንስሳው ጤነኛ ስለሚመስል ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀናት ዘግይቶ ነው፤ በዚያን ጊዜ ባለቤቱ በጎተራው ሥር ያኖረውን መርዝ ረስቶታል። ስለዚህ የመርዙን ማሸጊያ ለሐኪሙ ይዞ መሄድ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ዚንክ ፎስፋይድ ያለበት መርዝ ለምሳሌ የሚገድለው በሌላ መንገድ በመሆኑ ቫይታሚን ኬ አይፈውሰውም።

በላቦራቶሪ ፕሌትሌት ይቆጠራል። በጤናማ ውሻ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ200 ሺህ እስከ 500 ሺህ ያህል ይገኛል፤ ከ30 ሺህ ገደማ በታች ሲወርድ ያለ ቁስል መድማት ሊከተል ይችላል። የድመት ፕሌትሌት እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ ማሽኑ አሳንሶ ሊቆጥረው ይችላልና በማይክሮስኮፕ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ ከሚለኩት ምርመራዎች በአይጥ መርዝ ቀድሞ የሚዛባው ፒቲ የተባለው ነው። መርዙ በተበላበት ዕለት ግን ውጤቱ ጤናማ ሊሆን ስለሚችል፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓታት በኋላ መድገም ይገባል።

እስከዚያው እንስሳውን ማስሮጥ፣ በጡንቻው መርፌ መውጋትም ሆነ እንደ አስፕሪን ያለ የሰው ማስታገሻ መስጠት መድማቱን ያባብሳል። መርዙ ከተረጋገጠ ቫይታሚን ኬ1 ቅባት ካለው ምግብ ጋር፣ እንደ መርዙ ዓይነት ለሳምንታት ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ከ2 እስከ 3 ቀናት በኋላም የፒቲ ምርመራ ይደገማል።